ወይዘሮ ቢበዛስ እና አሥራ ስድስቱ መደርደሪያዎች

ሰው ተሰብስቦ የሚሠራበት ቤት ሁሉ አንድ «ቢበዛስ?» ባይ አለው። ሠርግ ሲደገስ «እንግዳው ቢበዛስ?» ይላል። አጥር ሲታጠር «ጎርፉ ቢበዛስ?» ይላል። ሁሉም ተስማምቶ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ፣ ሰው ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ከተነሳ በኋላ እጁን ያወጣል። ያን ጊዜ የተነሳው ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ስብሰባውም እንደ አዲስ ይጀመራል። ክፉ ሰው ነው የሚለው የለም። ደግ ሰው ነው ለማለት ግን ስብሰባው ማለቅ አለበት።

ሀርጌሳ ውስጥ፣ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የኢንተርኔት ድርጅት፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሀረገወይን ነበሩ። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው አርባ ስምንት፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል። ሥራቸው ሰው የማያየው ሥራ ነው። ኮምፒውተር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር እንዲነጋገር የሚያደርገውን የሥርዓቱን የውስጥ ክፍል፣ ባለሙያዎቹ ከርነል የሚሉትን፣ ያነባሉ፤ ሲበላሽም ይጠግናሉ። ቢሮው በሙሉ በሌሉበት «ወይዘሮ ቢበዛስ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣው በሪሁን ነው።

በሪሁን ከኮምቦልቻ የመጣ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። ፈጣን ነው፤ ፈጣን መሆኑንም ያውቃል። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት አሥር መስመር የምትሆን ኮድ ጽፎ ለወይዘሮ ሀረገወይን አሳየ። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አጠለቁና አንድ ቁጥር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይህቺ ቁጥር ቢያንስ ስንት ትሆናለች?»

«አንድ፣ ሁለት… እንደ ሁኔታው ነው።»

«ቢበዛስ?»

«ያን ያህል አትበዛም።»

«ያን ያህል ስንት ነው?»

አሥሯ መስመር ሰባት ጊዜ ተመለሰች። በሰባተኛው በሪሁን ከቢሮው ወጥቶ ግቢውን ሁለት ዙር ዞረ።

ይህ ጠባይ በኮድ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ወይዘሮ ሀረገወይን የባጃጅ ሹፌር ወንበሩ ላይ ስንት ሰው እንደጫነ ሳይሆን ፍሬኑ ስንት ሰው እንደሚችል ይጠይቃሉ። ሹፌሩ ሳቅ ካለ ወርደው በእግራቸው ይሄዳሉ። የውሃ ቦቴ መጥቶ የጣሪያውን ታንከር ሊሞላ ሲል ደረጃ ላይ ወጥተው «ሲሞላ ትርፉ በየት በኩል ነው የሚፈሰው?» ይላሉ፤ መልሱ ካልጣማቸው ቦቴው ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ጫማ ሊገዙ ገብተው ሻጩን ስለ እግር ቁጥር ሲያፋጥጡት፣ ሻጩ ራሱ የራሱን ጫማ አውልቆ መለካት መጀመሩ በቢሮው ይወራል። ይህኛው እውነት ላይሆን ይችላል። ማንም ግን አልተጠራጠረውም።

የሽማግሌው ነገር ግን እውነት ነው። ድርጅቱ ለአንድ ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ሲሠራ ለዕድሜ ሁለት አኃዝ ብቻ የሚይዝ ቦታ ተወ። ወይዘሮ ሀረገወይን እጃቸውን አወጡ። «መቶ የሞላው ሰው ቢመጣስ?» ሁሉም ሳቀ፤ በሪሁንም ሳቀ። በሁለተኛው ወር አንድ መቶ አራት ዓመት የሞላቸው ሐጂ መጡ። መዝገቡ የመጀመሪያውን አኃዝ ቆርጦ ጣለና የአራት ዓመት ልጅ አደረጋቸው። ሐጂው የሕፃናት ክትባት ክፍል ፊት ለፊት፣ በልጅ ልጅ ልጃቸው ድጋፍ፣ ተራቸውን አንድ ሰዓት ጠበቁ ይባላል። ነርሷ ስማቸውን ጠርታ ቀና ስትል ሐጂው ከዘራቸውን አንስተው «አለሁ» አሉ።

እንግዲህ በዚያች ቅዳሜ የሆነውን ለመረዳት ይህን ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ባለው አርብ፣ ቢሮው ሁሉ ዝግ በሆነበት ቀን፣ በሪሁን የድርጅቱን ዋና ማሽን ቀየረ። ከደንበኞች የሚወጣው የኢንተርኔት ግንኙነት ሁሉ በዚህ በአንድ ማሽን ያልፋል። አዲሱ ከአሮጌው ሦስት እጥፍ ሜሞሪ አለው። አሮጌው በዚያው ዕለት ተነቅሎ ለበርበራ ቅርንጫፍ ተጫነ። በሪሁን ማሽኑን አስነሳ፣ ሁሉም መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ እሱም እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ከተማው ተነስቶ ስልኩን ሲከፍት ኢንተርኔቱ ተጎተተ። አልተቋረጠም፤ ቢቋረጥ ይሻል ነበር። መልእክት ይሄዳል ግን ደቂቃ ይፈጃል፤ ድምፅ ይሰማል ግን ይሰባበራል። ትልቁ ማሽን ከትንሹ ዘገየ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሱዓድ ደወለች። ሱዓድ በሼክ ኑር ሰፈር የምትሠራ አዋላጅ ነች፤ ሐረር ስለተማረች አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው።

«በሪሁን ወንድሜ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳህራ የምትባል እናት አለችኝ። መንታ ነው። የአንደኛው ልብ ምት አላማረንም። አዲስ አበባ ያለችው የልብ ሐኪም አልትራሳውንዱን እያየች እጄን ወዴት እንደማንቀሳቅስ ትመራኛለች፤ ዛሬ ማዋለድ ይሁን መጠበቅ የምትወስነው እሷ ነች። አሁን ስሞክረው ግን ምስሉ ይቆምብኛል።»

«እስከ ዘጠኝ ይስተካከላል።»

«ኢንሻአላህ» አለች ሱዓድ። «እሷን የማገኛት ግን ዛሬ ለዚያች አንድ ሰዓት ብቻ ነው።»

በሪሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። ገመድ ቀየረ፣ ከውጭ የሚመጣውን መስመር ለካ፣ በውስጡም የገመድ ሻጩን፣ የመስመር አከራዩን፣ ሙቀቱን ሁሉ ወቀሰ። አለቃቸው ዲሪር በር ላይ ቆሞ ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ያዛውራል። ሀርጌሳ ላይ አለቃም ቢሆን በስሙ ነው የሚጠራው። ዲሪር ደግሞ ልጅነቱን በስደት ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው የድሬ ነው፤ ማንንም «እርስዎ» ብሎ አያውቅም።

ወይዘሮ ሀረገወይን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከመስክ ተመለሱ። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ የሆነውን ሰሙ።

«አሮጌው ሜሞሪው ስንት ነበር?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋ» አለ በሪሁን።

«የአሁኑስ?»

«ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት።»

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አጠለቁና በሪሁን አጠገብ ተቀመጡ። «የግንኙነት ሠንጠረዡ ስንት መደርደሪያ እንዳለው ጠይቀው እስቲ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ያየ ሰው ይገባዋል። በሽተኛ ሲመጣ ካርዱ ተፈልጎ ይወጣል። መደርደሪያው ብዙ ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ካርድ ስለሚኖር ፍለጋው የአፍታ ነው። መደርደሪያው ጥቂት ከሆነ ግን ካርዱ ይቆለላል፣ ፈላጊውም ከላይ እስከ ታች ያገላብጣል። ማሽኑም በእሱ በኩል የሚያልፈውን እያንዳንዱን ግንኙነት በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ውስጥ ያኖራል። ስንት መደርደሪያ እንደሚሠራ የሚወስነው ሲነሳ ነው፤ ሜሞሪውን አይቶ፣ አስልቶ።

በሪሁን ትእዛዙን ጻፈ። ማሽኑ መለሰ፦ 16።

«ቀሪው አኃዝ አልታየኝም» አለ በሪሁን፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ።

«ቀሪ የለውም።»

ለግማሽ ሚሊዮን ግንኙነት አሥራ ስድስት መደርደሪያ። በሪሁን ከጠዋት ጀምሮ ገመድ ሲያገላብጥ፣ ማሽኑ በእያንዳንዷ ቅጽበት ሠላሳ ሺህ ካርድ ሲያገላብጥ ነበር። ወደ ወይዘሮዋ ዞሮ አያቸው። ክፍሉ ውስጥ ከገቡ አምስት ደቂቃ አልሞላቸውም፤ ቦርሳቸው አሁንም ትከሻቸው ላይ ነው።

ኮዱን ከፍተው አንድ ሰዓት ያህል ካነበቡ በኋላ ወረቀት ስበው ጻፉለት። ኮዱ ሜሞሪው የሚከፋፈልባቸውን ቁራጮች፣ ገጾች የሚባሉትን፣ ብዛት በአሥራ ስድስት ያባዛል፤ ከዚያ ለሠላሳ ሁለት ሺህ ገደማ ያካፍላል፤ በመጨረሻም ለማሽኑ ወደሚመች ቁጥር ወደ ላይ ያጠጋጋል። በአዲሱ ማሽን የማባዛቱ ውጤት ከሦስት ቢሊዮን በላይ ነው። ኮዱ ውጤቱን የሚያኖርበት ቦታ ግን ከሁለት ቢሊዮን ከመቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ካለ ቁጥር በላይ አይችልም። ካለፈ ይገለበጥና ከዜሮ በታች ይሆናል። ከዜሮ በታች የሆነ መደርደሪያ ደግሞ የለም።

«ታዲያ ለምን አልወደቀም?» አለ በሪሁን። «ቢወድቅ ኖሮ አርብ ዕለት አየው ነበር።»

«ቀጥሎ ያለችውን መስመር አንብብ።»

አነበበ። ውጤቱ ከአሥራ ስድስት ካነሰ አሥራ ስድስት አድርገው፣ ትላለች። ከዜሮ በታች የወረደው ቁጥር እዚህች መስመር ላይ ደረሰ፤ መስመሯም በትሕትና ተቀብላ አሥራ ስድስት አደረገችው። ማንም ምንም አልሰማም። ማንቂያ አልጮኸ፣ መብራት አልቀላ።

በሪሁን ተናደደ። ሲናደድ ደግሞ ይፈጥናል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ኮዱን አረመ፦ መጀመሪያ ማካፈል፣ ከዚያ ማባዛት፤ እንዲህ ሲሆን ቁጥሩ አይገለበጥም። ያቺን አሥራ ስድስት የምትል መስመር ደግሞ ሰረዛት። «ስህተት የምትደብቅ መስመር ምን ታደርግልናለች? ይህን የጻፈ ሰው እኮ…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ለጨዋነት ሲል ተወው።

ዲሪር በሩ ላይ «አለቀ?» አለ።

«አለቀ። ለማሽኖቹ ሁሉ ልልከው ነው።»

ድርጅቱ አንድ ኮድ ነው ያለው። ዋናው ማሽን ላይ የሚሠራው፣ በየክሊኒኩና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ትንንሽ መሣሪያዎች ላይም ይሠራል። አንድ ቁልፍ ሲጫን ለሁሉም ይደርሳል፤ ሁሉም አጥፍቶ ይነሳል።

ወይዘሮ ሀረገወይን እጃቸውን አወጡ።

ዲሪር ሰዓቱን አየ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። «ሀረግ፣ እባክሽ ዛሬስ ተይው» አለ። «ከተማው በሙሉ እየደወለልኝ ነው።»

«አንድ ጥያቄ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «በሪሁን፣ ሱዓድ ክሊኒክ ያለው መሣሪያ ሜሞሪው ስንት ነው?»

«ስልሳ አራት ሜጋ።»

«ገጹ አሥራ ስድስት ሺህ ገደማ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ለሠላሳ ሁለት ሺህ አካፍለው።»

በሪሁን አካፈለው። ኮዱ ቁርስራሽ አይዝም፤ ግማሽ የሚባል ነገር አያውቅም። አሥራ ስድስት ሺህ ለሠላሳ ሁለት ሺህ ሲካፈል ዜሮ ነው። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። ዜሮ መደርደሪያ ያለው መሣሪያ የመጀመሪያው ግንኙነት ሲመጣ የሚያኖርበት አጥቶ ይወድቃል፤ ሲነሳም እንደገና ይወድቃል። ዜሮውን የሚይዝለት መስመር ደግሞ እሱ ራሱ ሰርዞታል። ቁልፉን ቢጫን ኖሮ ከሩብ ሰዓት በኋላ ዋናው ማሽን እንደ ንስር ይበር ነበር፤ በየግድግዳው ላይ ያሉት ትንንሾቹ ግን፣ የሱዓድን ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ይሞቱ ነበር።

እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«ያቺ መስመር የገባችው ለእነሱ ነው» አሉ ወይዘሮ ሀረገወይን። «ለትንንሾቹ።»

«እንዴት አወቁ?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ የጻፍኳት።»

ዲሪር ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

ይህ ኮድ የማንም አይደለም፤ ዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንብቦ እርማት ሊልክለት ይችላል። ወይዘሮ ሀረገወይን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ በተቀጠሩ ጊዜ፣ የተሰጣቸው አሮጌ ኮምፒውተር በዚሁ ዜሮ ምክንያት እየወደቀ አስቸገራቸው። ሦስት ሳምንት ፈልገው ቦታውን አገኙት፣ አንድ መስመር ጽፈው ላኩ፤ ተቀበሏቸው። በሕይወታቸው ያን ያህል የኮሩበት ቀን እንዳልነበረ ተናገሩ፤ የተናገሩት ግን እንደ ኩራት አልነበረም።

«ታች ታቹን ብቻ አየሁ» አሉ። «ወደ ላይ ስንት እንደሚደርስ አንድ ደቂቃ አላሰብኩም። እንዲህ ያለ ማሽን ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላየሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ነው የባነንኩት። ከዚያ ወዲህ ማየት ልማድ ሆነብኝ፤ ይህቺን ግን ተመልሼ ሳላያት ቀረሁ።»

በሪሁን ለአንድ ዓመት ያሾፈበት ጥያቄ ከየት እንደመጣ አሁን ገባው። ከሁሉ ያፈረው «መቶ የሞላው ሰው ቢመጣስ?» ሲሉ በሳቀው ሳቅ ነው።

«በል ጻፍ» አሉት ወይዘሮዋ። «እኔ እነግርሃለሁ።»

ጻፈ። ውጤቱን የሚይዘውን ቦታ አሰፉት፤ በቢሊዮን ሳይሆን በቢሊዮን ቢሊዮን እንዲይዝ። ማባዛቱ ከማካፈሉ ቀድሞ ተመለሰ። የታችኛዋ ወሰን በቦታዋ ቀረች፤ ከጎኗ የላይኛው ወሰን ገባ። ሲገለበጥ ደግሞ ዝም እንዳይል አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር ጨመሩ። ሁሉም ተደምሮ ስድስት መስመር ነው። ከዚያ ወይዘሮዋ በሪሁን ሊልክ ሲል ያዙትና ከመጋዘን አንድ ትንሽ መሣሪያ አስመጥተው ጠረጴዛው ላይ አስነሱት። ተነሳ። የማስመሰያ ፕሮግራም ከፍተው ዛሬ ማንም የሌለው መጠን ያለው ማሽን አስነሱ። ተነሳ። በሪሁን የግድግዳውን ሰዓት ላለማየት ይታገል ነበር። ወይዘሮ ሀረገወይን ግን ሰዓቱ የሌላ ሰው የሆነ ያህል ዝም ብለው፣ ቁጥር በቁጥር ወረዱ። እጃቸው አልቸኮለም። አንድም ቁልፍ ሁለት ጊዜ አልመቱም። በሪሁን ብዙ ፈጣን ሰው አይቷል፤ እንዲህ ያለ ዝግታ ግን አይቶ አያውቅም ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ወይዘሮዋ ወደ ዲሪር ዞሩ። «ዋናው ማሽን ጠፍቶ ሲነሳ አራት ደቂቃ ሁሉም ይቋረጣል። ፍቃድህን እንፈልጋለን።»

«ካልተነሳስ?»

«ካልተነሳ ስህተቱ የእኔ ነው። ግን ይነሳል።»

ዲሪር «ቢስሚላህ» አለና ራሱን ነቀነቀ።

በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። የዲሪር ስልክ እንኳ መጮኹን አቆመ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ፤ በሪሁን ሠንጠረዡን ጠየቀ። ማሽኑ መለሰ፦ 131072። ግንኙነቶቹ እንደ ዝናብ ገቡ፤ በየመደርደሪያው አራት፣ አምስት፣ ሦስት። ከጠዋት ጀምሮ መቶ በመቶ ላይ ተቸንክሮ የነበረው የማሽኑ ድካም ወደ ስድስት በመቶ ወረደ። ቀጥሎ ለትንንሾቹ ላኩ። በየሰፈሩ ጠፍተው ተነሱ። በዝርዝሩ ላይ ሼክ ኑር የሚለው ስም አጠገብ አረንጓዴው ሲበራ ወይዘሮ ሀረገወይን ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ሱዓድ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ጎረቤት ሰው ቅርብ ነበር። «ምስሉ አንዴም አልቆመም። ሐኪሟ ዛሬውኑ ይውጡ አለች፤ ሳህራን ወደ ቀዶ ጥገና እያደረስናት ነው።» ማታ ከመግባቱ በፊት ሌላ አጭር መልእክት መጣ፦ ሁለት ሴት ልጆች፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ አልሐምዱሊላህ።

በማግስቱ ዲሪር ለባለድርሻዎቹ የሚላክ ማብራሪያ ፈለገ። በሪሁን ጻፈው። የስህተቱ ምንጭ በሚለው ስር «ከብዙ ዓመታት በፊት የገባ፣ ጸሐፊው በውል ያልታወቀ» አለ። ወይዘሮ ሀረገወይን አንብበው እስክሪብቶ አነሱና መስመሩን ሰርዘው ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ።

«ማንም እኮ አያውቅም» አለ በሪሁን። «ማንም አይጠይቅም።»

«ቀጥሎ ኮዱን የሚያነብ ሰው ለምን እንደገባች ማወቅ አለበት። የጻፈውን ካላወቀ ማንን ይጠይቃል?»

እርማቱ ለዓለም ሲላክ ግን «ያረመው» በሚለው ቦታ ላይ የበሪሁንን ስም አስገቡ። እሱ ተቃወመ፤ ያገኙትም ያዳኑትም እሳቸው ናቸው። «የጻፈው ጣትህ ነው» ብለው ላኩት። በሦስተኛው ቀን ከማያውቁት አገር አንድ መስመር መልስ መጣ፤ ተቀብለነዋል ይላል። ያቺን መስመር በሪሁን ስልኩ ውስጥ አስቀምጧታል፤ ለሰው አያሳያትም።

ወሩ ሳይሞላ ዲሪር በሪሁንን ጠርቶ የበርበራን ቅርንጫፍ እንዲመራ ሾመው። ትልቅ ዕድል ነው፤ ባሕሩም እዚያው ነው። በሪሁን አመሰገነና ሹመቱ አንድ ዓመት እንዲቆይለት ለመነ።

ዲሪር ገረመው። «እዚህ ምን ቀረህ? ሥራውን ተምረህ ጨርሰኸዋል እኮ።»

«ሥራውንስ ጨርሼዋለሁ» አለ በሪሁን። «ወይዘሮ ሀረገወይንን ነው ያልጨረስኩት።»